ጉድጓዱን የቆፈረ ይሄዳል፤ የሚጠብቀው ማን ነው?

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት አድርጎ ደባርቅ በሚያደርሰው መንገድ ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ፣ ከዓመታት በፊት የገጠመኝን ላጫውታችሁ። የከተማዋን ስም አላነሳም፤ ነገሩ የአንዲት ከተማ ብቻ አይደለምና። ተወልጄ ያደግሁት በዚያው በሰሜን ተራሮች ግርጌ ስለሆነ፣ ሕግ መማሬን የሰማ ዘመድ ሁሉ ለውርስና ለወሰን ክርክር ይፈልገኛል። ያን ጊዜ የተጠራሁት ግን ለቆሻሻ ጉድጓድ ነበር።

ከተማዋ የቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ለማስቆፈር ጨረታ አወጣች። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተቋራጭ አሸነፈ። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ታጠረ፣ ጊዜያዊ ርክክብ ተደረገ። ዓመት ቆይቶ የመጨረሻው ርክክብ ተፈረመና ተቋራጩ መያዣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ሁለት ክረምት ሲያልፍ የአጥሩ እንጨት ማገዶ ሆኖ አልቋል፤ ጎርፉም ጉድጓዱን ሞልቶ ቆሻሻውን ወደ ወንዙ አወረደው። ከታች ከብት የሚያጠጡ ገበሬዎች አቤት ሊሉ ሲመጡ፣ ሠራተኛው መዝገቡን አውጥቶ «ፕሮጀክቱ ተጠናቋል፤ ፋይሉ ተዘግቷል» አላቸው። አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ ፋይሉስ ይዘጋ፤ ጉድጓዱን ማን ይዝጋው?» አሉኝ።

ውሉን ገጽ በገጽ አነበብኩት። ስንት ሜትር እንደሚቆፈር፣ ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም፣ ቢዘገይ በቀን ስንት እንደሚቀጣ ሁሉም ተጽፏል። ከተሞላ በኋላ ማን እንደሚጠብቀውና ማን እንደሚያለብሰው ግን አንድ መስመር የለም። ተቋራጩ ውሉን አላፈረሰም። የጎደለው ውሉ ራሱ ነበር።

የአዛውንቱ ጥያቄ ሰሞኑን እንደገና ትዝ ያለኝ በሌላ ምክንያት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መንግሥታቸው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የመገንባት ዕቅድ እንዳለው ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩና የሩሲያው ሮሳቶም ኃላፊ ሞስኮ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር ፈረሙ። ከዚያ በፊትም በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሶቺ ላይ ሁለቱ መንግሥታት የአቶሚክ ኃይልን ለሰላማዊ አገልግሎት ለማዋል የትብብር ስምምነት ተፈራርመው ነበር።

ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እኔ መጠየቅ የምፈልገው ስለ ትርፍራፊው ነው። አንድ 1000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ማብላያ በዓመት ከ20 እስከ 30 ቶን የሚደርስ ያገለገለ ነዳጅ ያወጣል። በክብደት ሲታይ ብዙ አይደለም። ችግሩ ዕድሜው ነው። በውስጡ ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ፕሉቶኒየም 239 ግማሹ እስኪከስም 24 ሺህ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ የሚያስቀምጥ፣ የሚያስተዳድርና የሚጠብቅ ድርጅት መንግሥት በምን ዓይነት ውል ይቀጥራል? ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን የእኛም የሕግ ሰዎች የቤት ሥራ ነው።

የእኛ ሕግ ስንት ዓመት ያስታውሳል?

የመንግሥት ግዥ ሕጋችን አዲስ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1333፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 649 ተክቷል። የመንግሥትና የግል አጋርነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1076/2010ም አለ። እነዚህ ሕጎች መንግሥት ገንዘቡን ሲያወጣ ውድድር፣ ግልጽነትና ተጠያቂነት እንዲኖር ለማድረግ የወጡ ናቸው፤ ለዚያም ይጠቅማሉ። የተለመደው የግንባታ ውል አካሄድ ግን ለሚያልቅ ነገር የተሰፋ ልብስ ነው። መንገዱ ይሠራል፣ ትምህርት ቤቱ ይቆማል፣ ርክክብ ይደረጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ይሰጣል፣ ዋስትናው ይመለሳል።

ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን ብንሄድም ረጅሙ ክር አጭር ነው። የ1952ቱ ሕግ በቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ጽናት አሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ፣ ሕግ ሌላ ጊዜ ካልወሰነለት፣ በቁጥር 1845 መሠረት በአሥር ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው ደግሞ በቁጥር 2143 መሠረት በመርሁ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ነው። የሕጉ ትውስታ በአሥር ዓመት ያበቃል፤ የቆሻሻው ዕድሜ ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራል።

ሕግ የለንም ማለቴ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የጨረራ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 79 ጀምሮ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 571/2000 እና 1025/2009፣ ጨረር አመንጪ ነገሮችን የሚቆጣጠር ሥርዓት አለን። ይህም ያስፈልገናል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ካንሰርን ሲያክም የኖረው በኮባልት 60 ማሽን ነው። የመንገድ ተቋራጮች የአፈሩን ጥግግት ለመለካት የሚጠቀሙባቸው አንዳንድ መሣሪያዎችም ሲዚየምና አሜሪሲየም ይይዛሉ። እነዚህ አዋጆች ግን ፈቃድ ስለ መስጠትና ስለ መቆጣጠር ናቸው። ተቆጣጣሪ ሌላ፣ ተቋራጭን ቀጥሮ የሚያስተዳድር ባለቤት ሌላ።

አሜሪካኖች ምን አደረጉ?

ከማንም በፊት ይህን ጥያቄ በውል ቋንቋ ለመመለስ ከሞከሩት መካከል አሜሪካኖች ይገኙበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አቶም ቦምብ ሲሠሩ የጀመሩት አንድ የውል ዓይነት አላቸው፤ በእኛ አነጋገር «የማስተዳደርና የማንቀሳቀስ ውል» ልንለው እንችላለን። መሬቱ፣ ሕንፃውና ቆሻሻው የመንግሥት እንደሆኑ ይቆያሉ። ኩባንያው የሚያመጣው ዕውቀትና አመራር ነው። መንግሥት ተገቢ ሆኖ የተገኘውን ወጪ ሁሉ ይከፍላል፤ የኩባንያው ትርፍ ግን በየጊዜው በሥራው ተመዝኖ የሚሰጥ ሽልማት ነው። የውሉ ዘመን ሲያልቅ አዲስ ኩባንያ በጨረታ ይገባል፤ ሠራተኛው በብዛት ባለበት ይቀጥላል፣ መዝገቡም ከቦታው አይነቃነቅም። የኒውክሌር አደጋ ቢደርስ የሚከተለውን ኃላፊነት በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የፕራይስ አንደርሰን ሕግ መንግሥት ለተቋራጩ መከታ እንዲሆን ያደርጋል።

የዚህ አሠራር ጥንካሬ ባለቤቱ ፈጽሞ አለመጥፋቱ ነው። ድክመቱም አለ። ወጪው ሁሉ የሚመለስለት ተቋራጭ የሚቆጥብበት ምክንያት ያንሰዋል፤ ስለዚህ መንግሥት ከተቋራጩ የማያንስ ዕውቀት ያላቸው የራሱ ተቆጣጣሪዎች ሊኖሩት ይገባል። ይህ ሲላላ የሚሆነውን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አይተውታል። እዚያ ከጦር መሣሪያ ሥራ የተረፈ ቆሻሻ ከምድር በታች በጨው ዓለት ውስጥ የሚቀበርበት ዊፕ የተባለ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ1999 ተከፈተ። በየካቲት 2014 (እ.ኤ.አ.) አንድ በርሜል ውስጡ ግሎ ፈነዳና ጨረር ወጣ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ ቆሻሻውን ያሸገው ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ፈሳሹን ለማምጠጥ ከማዕድን የተሠራውን የድመት መጸዳጃ አሸዋ ትቶ ከእህል ነክ ነገር የተሠራውን ተጠቅሞ ተገኘ። ማከማቻው ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሥራ አቆመ። ላቦራቶሪውን ያስተዳድር የነበረው ተቋራጭም ከዓመቱ ሽልማት አብዛኛውን አጣ። የሽልማቱ ደንብ ሠርቷል ማለት ነው፤ የሠራው ግን በርሜሉ ከፈነዳ በኋላ ነው።

ትልቁ ትምህርት ግን የዩካ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሕግ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የአንድ ሳንቲም አንድ አሥረኛ እንዲከፍሉ፣ መንግሥት በበኩሉ ከጥር 31 ቀን 1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያገለገለ ነዳጃቸውን እንዲረከብ ደነገገ። ይህም በአንድ ወጥ ውል ላይ ሰፍሮ ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ1987 ኮንግረሱ ሌሎቹን ቦታዎች ጥሎ በኔቫዳ ዩካ ተራራ ላይ ብቻ እንዲጠና ወሰነ። ኔቫዳ አልቀበልም አለች። ቀኑ ደረሰ፤ ማከማቻው የለም። መንግሥት «ከአቅም በላይ የሆነ መዘግየት ነው» ቢልም ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ፕሮጀክቱን ለሚያስተዳድር ተቋራጭ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ውል ተሰጠ፤ በ2010 ግን የኦባማ አስተዳደር ፕሮጀክቱን አቆመው። ኩባንያዎቹ ነዳጁን በየግቢያቸው ለማቆየት ላወጡት ወጪ ከመንግሥት ካዝና እስካሁን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተከፍሏል። ውሉ በደንብ ተጽፎ ነበር። ያልተጻፈው የኔቫዳ ሕዝብ ፈቃድ ነው።

«ሩሲያ ትወስደዋለች»

ይህን ስናነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ነዳጁን ያቀረበችው ሩሲያ መልሳ ትወስደዋለች» የሚል ነው። ከባንግላዴሽ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲህ ያለ ስምምነት ተፈርሟል፤ ስለዚህ የሚቻል ነገር ነው። ይሁን እንጂ መውሰድ ሁልጊዜ ለዘለዓለም ማስቀረት አይደለም። ነዳጁ ተጣርቶ የሚቀረው ቆሻሻ ወደ መጣበት አገር ሊመለስ የሚችልበት አሠራር አለ፤ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የውሉ ቃል ነው።

የፊንላንድም ታሪክ አለ። በሶቪየት ዲዛይን የተሠራው የሎቪሳ ጣቢያ ያገለገለ ነዳጁን እስከ 1996 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ወደ ሩሲያ ይልክ ነበር። የፊንላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1994 የኒውክሌር ቆሻሻ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለ። ኤሌክትሪክ አምራቾቹም ፖሲቫ የሚባል የጋራ ኩባንያ አቋቁመው ኦንካሎ የተባለውን ማከማቻ በገዛ ዓለታቸው ውስጥ መቆፈር ያዙ። ገንዘቡም ጣቢያው ሥራ ላይ እያለ በመንግሥት ሥር ባለ የተለየ ፈንድ ይጠራቀማል። ከኩባንያው ካዝና ጋር አይቀላቀልም፤ ኩባንያው ቢከስር ፈንዱ አይከስርም።

ደባርቅ የምታውቀው ነገር

እነዚህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ለሚመስለው ሰው አገር ውስጥም መምህር አለ። አዲስ አበባ ቆሼ ላይ ከሃምሳ ዓመት ለበለጠ ጊዜ ቆሻሻ ስትከምር ኖራ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይተካዋል የተባለው የሰንዳፋ ማስወገጃ ከአንድ ዓመት በፊት ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች በመቃወማቸው በወራት ውስጥ ሥራ አቆመ፣ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከዩካ ተራራ የሚለየው በመጠኑ ነው።

የእኔ የትውልድ አካባቢም ሌላ ነገር ያስተምራል። ልብ ይባልልኝ፤ የኒውክሌር ቆሻሻ ሰሜን ተራሮች ላይ ይቀበራል እያልኩ አይደለም። የማነሳው የኃላፊነትን ዕድሜ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። በእነዚያ 21 ዓመታት የፓርኩ ወሰን እንደገና ተሰመረ፣ ፓርኩን ለሚያቋርጠው መንገድ አማራጭ ተፈለገ፣ በመጨረሻም በመቶዎች የሚቆጠሩ የግጭ አባወራዎች ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ስንት ፕሮጀክት ተከፈተ፣ ስንት ፕሮጀክት ተዘጋ! ኃላፊነቱ ግን ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት በላይ ዕድሜ ነበረው። ከአምባው ለወረደው ገበሬም ነገሩ ካሳ በተከፈለ ቀን አላለቀም፤ የልጆቹ ኑሮ ገና መጀመሩ ነበር።

እንግዲህ የማመንጫው ዋና ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮች በሕግ ይወሰኑ እላለሁ። አንደኛ፣ የቆሻሻው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ተቋራጭ ቢመጣ ቢሄድ የማይለወጥ አንድ የመንግሥት አካል በስም ይጠቀስ። ያ አካል ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ከሚሸጠው ኤሌክትሪክ ላይ ተቀንሶ ማንም ለሌላ ጉዳይ የማይነካው ፈንድ ይቋቋም። ሦስተኛ፣ የአሥር ዓመቱ ዋስትናና ይርጋ ለዚህ ጉዳይ እንደማይበቃ ታውቆ ልዩ ድንጋጌ ይውጣለት። አራተኛ፣ ቦታው ከመመረጡ በፊት የአካባቢው ሕዝብ ይጠየቅ፤ እምቢ የማለት መብትም ይኑረው።

ይህን ሁሉ ከግንባታው በኋላ እንደርስበታለን የሚል ይኖራል። ከግንባታው በኋላ ግን የመደራደር አቅም የሻጩ እንጂ የገዢው አይሆንም። ያቺን ትንሽ ከተማ አስታውሱ፤ ተቋራጩ መያዣ ገንዘቡን ይዞ ከሄደ በኋላ የሚጠየቅ አልነበረም።

የዚያ ጉድጓድ ነገር እንዴት አለቀ ለምትሉኝ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው በደቦ አፈር አለበሱት። የኒውክሌር ቆሻሻን ግን በደቦ ማልበስ አይቻልም።