ከአባያ ወደ ጫሞ፦ ሰው ያልገነባው ማስተንፈሻ

ውኃ አጠራቅሞ የሚይዝ ማናቸውም ግድብ፣ ከአቅሙ በላይ የመጣውን ውኃ ያለ ጉዳት የሚለቅበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ ይህ መንገድ ማስተንፈሻ ይባላል፣ ውኃው ሞልቶ መፍሰስ የሚጀምርበትን ከፍታ ደግሞ ደፍ ብሎ መጥራት ይቻላል። ውኃ በአናቱ ላይ ያለፈበት የአፈር ግድብ ተሸርሽሮ ሊፈርስ ስለሚችል፣ የግድብ መሐንዲሶች ለማስተንፈሻው የሚሰጡት ትኩረት ለግድቡ አካል ከሚሰጡት አያንስም። በጋሞ ዞን ይህ ተግባር የሰው እጅ ሳያርፍበት ሲከናወን ኖሯል፤ የአባያ ሐይቅ በሞላ ጊዜ ትርፉን በኩልፎ ወንዝ በኩል ወደ ጫሞ ያፈስሳል፣ ጫሞም ሲሞላ ትርፉ ወደ ሰገን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጨው ባሕር ያመራል።

አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ አንጻር እጅግ አነስተኛ ነው። ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና እና ሐሬን የመሳሰሉ ወንዞች ውኃ ብቻ ሳይሆን ደለልም ይዘው ስለሚገቡበት መልኩ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ከጫሞ የሚለየው የእግዜር ድልድይ ተብሎ የሚታወቀው ከፍተኛ መሬት ሲሆን፣ የጫሞ ገጽ ከአባያ ገጽ ዝቅ ያለ በመሆኑ ውኃው የሚሄድበት አቅጣጫ አስቀድሞ የተወሰነ ነው።

የዚህ ሥርዓት ብልሃት ከስፋት የመጣ ነው። የአባያ ገጽ በ1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ሲል ሐይቁ 11 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያከማቻል፤ ስለዚህ ከደጋ የሚወርድ ድንገተኛ ጎርፍ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ይለዝባል፣ ወደ ጫሞ የሚሻገረውም ቀስ ብሎ ነው። በደፍ ላይ የሚያልፍ ውኃ መጠን ግን ከከፍታው ፈጥኖ ያድጋል፤ ከክፍት ደፍ በላይ ያለው የውኃ ከፍታ አራት እጥፍ ቢሆን፣ የሚፈሰው ውኃ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚህ የተነሳ፣ በር የሌለው ማስተንፈሻ ጠባቂ ሳያስፈልገው ጎርፉ በበረታ ቁጥር አብዝቶ ይለቅቃል።

ማስተንፈሻ ያለው ሐይቅ ሌላም ጥቅም ያገኛል፤ የሚፈሰው ውኃ ጨውን ይዞ ስለሚወጣ ሐይቁ ለዓሣ የሚመች ሆኖ ይቆያል። አባያ ከጫሞ ይልቅ የጨውነት መጠኑ አነስተኛ ሲሆን፣ የሰንሰለቱ መጨረሻ የሆነውና መውጫ የሌለው ጨው ባሕር፣ ውኃው በትነት እየሄደ ጨው ብቻ የቀረበት ሰፊ ሜዳ ነው።

ሰው በእንዲህ ዓይነቱ ደፍ ላይ እጁን ሲያስገባ የሚሆነው በጣና ታይቷል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ፣ የተፈጥሮውን መውጫ በበሮች የሚቆጣጠር ሆኖ፣ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ የሚፈሰውን ውኃ ያመጣጥናል፤ በምትኩ ሐይቁ ከዚያ ወዲህ ከፍና ዝቅ የሚለው በዝናብና በትነት ብቻ ሳይሆን በበሮቹ አጠቃቀምም ጭምር ነው። በአባያ እንዲህ ያለ በር የለም፤ የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው የሚገባው ውኃና ደለል፣ ትነቱ፣ እንዲሁም የመውጫው ቁመና ነው። መውጫው በደለል ቢዘጋ ሐይቁ ወደ ዳርቻው እርሻ ይገፋል፤ ቢሸረሸር ደግሞ ይጎድላል። ደለል ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በአዋሽ ወንዝ ላይ የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ውኃ የመያዝ አቅሙን በብዙ ማጣቱ በቂ ማስረጃ ነው።

በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተውና በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በአርባ ምንጭ መገኘቱ፣ የአባያ መውጫ ለሀገሪቱ የውኃ መሐንዲሶች በቅርብ የሚጎበኝ ትምህርት ቤት እንዲሆን ያስችለዋል። የደፉን ከፍታ በየጊዜው መለካት፣ የኩልፎን ዳርቻ ከእርሻና ከአሸዋ ቁፋሮ መጠበቅ፣ በጋሞ ደጋም አፈሩን በእርከን መያዝ አንዱ ከሌላው ተለይተው የሚታዩ ሥራዎች አይደሉም፤ የአባያ መውጫ ከማንኛውም የግድብ ማስተንፈሻ ባላነሰ ጥንቃቄ ሊጠበቅ ይገባዋል።