ብረት አንጎሉን የበሳው ሰው

ሰው ከሰው ጋር ተከባብሮና ተቻችሎ የሚኖርበት ጠባይ ከአስተዳደግና ከትምህርት የሚገኝ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን ይህ ጠባይ በአንጎልም ውስጥ የሚያድርበት ስፍራ እንዳለው ለሐኪሞች ካስገነዘቧቸው ነገሮች አንዱ በአሜሪካ፣ በቨርሞንት አገር፣ በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ነው።

ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የ25 ዓመት ጐልማሳ የሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበረ፤ ትጉህና ብልህ፣ በባልንጀሮቹም ዘንድ የተወደደ ነበረ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በሴፕቴምበር 13 ቀን 1848 ዓ.ም. በቋጥኝ ውስጥ የተጨመረውን ባሩድ በብረት ዘንግ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ በድንገት ፈነዳ። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ክብደቱም 6 ኪሎ ያህል የሆነው ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ፣ ከዓይኑ በስተኋላ አልፎ፣ በአናቱ ወጣ። የሚያስደንቀው አለመሞቱ ብቻ አይደለም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተናገረ፤ በበሬ በሚሳብ ጋሪም ተቀምጦ ወደ ማደሪያው ሄደ።

ዶክተር ጆን ሐርሎው አከመው፤ ቁስሉም ዳነ፤ የግራ ዓይኑ ብርሃን ግን ጠፋ። መናገርም ማስታወስም አልተሳነውም። ዳሩ ግን ትዕግሥት የሌለው፣ ተሳዳቢ፣ ባልንጀሮቹን የማያከብር፣ ዛሬ ያሰበውን ነገ የሚተው ሰው ሆነ። ወዳጆቹ የቀድሞው ሰው አይደለም አሉ፤ አሠሪዎቹም ወደ ሹመቱ አልመለሱትም። የተጐዳው ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጎሉ ክፍል ነበረና። ይህ ክፍል ሰው ቍጣውን እንዲገታ፣ ንግግሩም ሌላውን እንዳያስቀይም አስቀድሞ እንዲመዝን የሚረዳው መሆኑን የዛሬ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ከሌሎቹም ክፍሎች ዘግይቶ እስከ 25 ዓመት ግድም ስለሚበስል፣ ወላጆች የጐረምሳን ችኰላ ሁሉ ከክፋት ባይቈጥሩት መልካም ነው።

የጌጅን ነገር የሚያወሩት ብዙዎቹ ታሪኩን በዚህ ያቆማሉ፤ ይህ ግን በሟቹ ላይ ፍርድ ማጓደል ነው። በ1852 ወደ ቺሊ አገር ሄዶ በስድስት ፈረስ የሚሳብ የመንገደኞች ሠረገላ እየነዳ ሰባት ዓመት ያህል መኖሩን አንባቢ ልብ ይበል። ሰዓት መጠበቅ፣ ፈረሶችን መግራት፣ መንገደኞችን ማስተናገድ ራሱን መግዛት ላልቻለ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። ስለዚህ በየቀኑ የማይለወጥ ሥርዓት ያለው ይህ ሥራ ጠባዩን ቀስ በቀስ ሳያቃናው እንዳልቀረ የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ። እናቱ እንደ ተናገሩት፣ ሕፃናትን እጅግ ይወድ ነበር፤ ለእኅት ለወንድሙ ልጆችም እንዲህ ያለ ጀብዱ ሠርቻለሁ እያለ ፈጥሮ ያወራላቸው ነበር።

በ1860 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሚጥል በሽታ ጸንቶበት ሞተ። ያን የብረት ዘንግ በሕይወቱ ሳለ ከእጁ አይለየውም ነበር፤ ዛሬም ከራስ ቅሉ ጋር በሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ቤተ መዘክር ይገኛል።