ለሌላ ሰው ማርገዝ፦ መፋዛና ገዳሪፍ ላላችሁ እህቶች

በቤተሰብ ሕግ ላይ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ይህን የምጽፈው በሱዳን፣ በመፋዛ፣ በገላባትና በገዳሪፍ በእርሻ፣ በሻይ ሽያጭና በቤት ሠራተኝነት ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ነው።

የሌሎች ባልና ሚስት ጽንስ ተሸክሞ መውለድ (ሰሮጌሲ) የተፈቀደባቸው አገሮች አሉ። በኢትዮጵያ ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናትነትን የሚያረጋግጠው በመውለድ ነው። እንቁላሉ የማንም ይሁን የማን፣ በሕጉ ፊት እናት የወለደችው ናት። «ወልደሽ ታስረክቢያለሽ» በሚል ውል መተማመን አይቻልም። ሱዳን አባል የሆነችበት የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚም በ1986 እ.ኤ.አ. አማን ከተማ ላይ የሦስተኛ ወገን ሴት ማህፀን መጠቀምን ከልክሏል።

በሚፈቀድበትም ቦታ መሥፈርት አለ። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር ተሸካሚዋ ቢያንስ 21 ዓመት የሞላት፣ ቀደም ሲል በሰላም የወለደች፣ ከወላጆቹ የተለየ የራሷ ጠበቃ ያላት እንድትሆን ይመክራል። ለእኔ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። መኖሪያ ፈቃድ የሌላት፣ ውሉ የተጻፈበትን ቋንቋ የማታነብ፣ የደላላ ዕዳ ያለባት ሴት «እሺ» ብትል እኔ ፈቃድ አልለውም።

ጉዳቱ በተግባር ታይቷል፦ በ2014 እ.ኤ.አ. አንዲት ታይላንዳዊት ለአውስትራሊያውያን መንታ ወለደች፤ ሴቷ ተወሰደች፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ወንዱ እሷ ዘንድ ቀረ። ታይላንድ በዓመቱ ሰሮጌሲን ለውጭ ዜጎች ከለከለች።

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ደላላ ፓስፖርትሽን አትስጪ፤ ያላነበብሽው ወረቀት ላይም አትፈርሚ።