የጣናን ጎድጓዳ ማን ቆፈረው?

ጣናን ከሳተላይት በተነሣ ፎቶ ላይ ያየ ሰው ወደ ክብ የተጠጋው ቅርጹ ሳያስገርመው አይቀርም። 3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ሐይቅ ዙሪያውን በከፍታ ተከቧል። በምሥራቅ በኩል ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ጠርገው ባመጡት አፈር የተሞላው የፎገራ ሜዳ ወረታን ይዞ ተዘርግቷል፤ ከሜዳው ባሻገር ደግሞ የጣራ ገዳም ደናማ ኮረብታ ይነሣል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያየ ሰው ጎድጓዳውን ከሰማይ የወረደ ግዙፍ አለት ቆፍሮት ይሆን ወይ ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ጨረቃን ያጎደጎዷት እንዲህ ያሉ ምቶች ናቸው። ምድርም አልቀረላትም፤ እስካሁን ወደ 190 የሚሆኑ የሰማይ አለት ጉድጓዶች በጥናት ተረጋግጠዋል። ጣናን ከነዚህ ለመቁጠር ግን ቅርጹን ማየት አይበቃም፤ ድንጋዩን መመርመር ግድ ይላል።

ከጠፈር የሚመጣ ትልቅ አለት ምድርን የሚመታው በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ብዙ ጊዜም በ20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ፍጥነት ነው። የትንንሾቹን ፍጥነት አየሩ ይቀንሰዋል፤ ትልልቆቹን ግን አያቆማቸውም። መሬት ሲነኩ ያ ሁሉ ጉልበት በቅጽበት ወደ ግፊትና ሙቀት ይለወጣል፤ የመጣው አለት ራሱ አብዛኛው ቀልጦና ተንኖ ይጠፋል። በአሜሪካ አሪዞና የሚገኘው የባሪንጀር ጉድጓድ 1.2 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ከ50 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የቆፈረው የብረት አለት ግን 50 ሜትር ያህል ብቻ እንደነበር ይገመታል።

ይህ ጉድጓድ ሳይንቲስቶችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ታዋቂው የሥነ ምድር ሊቅ ግሮቭ ካርል ጊልበርት በ1891 እ.ኤ.አ. ቦታውን መርምሮ የከርሰ ምድር እንፋሎት ፍንዳታ ነው ብሎ ደመደመ። የማዕድን መሐንዲሱ ዳንኤል ባሪንጀር ደግሞ ከሰማይ የወደቀ ብረት ከሥሩ ተቀብሯል ብሎ ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ቢያስቆፍርም የተመኘውን የብረት ክምር አላገኘም። ክርክሩን የቋጨው በ1960 እ.ኤ.አ. ዩጂን ሹሜከርና ባልደረቦቹ ከቦታው ያገኙት ኮሳይት የተባለ ማዕድን ነው። ኮሳይት ተራው ኳርትዝ እጅግ ከፍተኛ ግፊት ሲያርፍበት የሚለወጥበት መልክ ነው፤ እንዲህ ያለ ግፊት ደግሞ በምድር ገጽ ላይ በእሳተ ገሞራ አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች የሚፈልጓቸው ምልክቶች ግልጽ ሆኑ። አንደኛው በአጉሊ መነጽር የሚታይ ነው፤ በምቱ የተጨነቀ ኳርትዝ ውስጡ ጥቅጥቅ ባሉ ትይዩ መስመሮች ይሰነጠራል። ሌላው በዓይን ይታያል፤ አለቱ የፈረስ ጭራ በመሰሉ ጭረቶች ተሸፍኖ በሾጣጣ ቅርጽ ይሰበራል። በምድር ቅርፊት ውስጥ እምብዛም የማይገኘው ኢሪዲየም የተባለ ንጥረ ነገር በዝቶ መገኘቱም ከሰማይ የመጣ እንግዳ ስለመኖሩ ይመሰክራል።

የጣና ድንጋዮች የሚመሰክሩት ግን ስለ ሌላ ታሪክ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ዣን ሾሮዊችና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ጣና ሦስት ስምጥ ሸለቆዎች የሚገናኙበት ቦታ መሆኑን አሳዩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስኮትላንዱ የቅዱስ አንድሪው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በአንቶኒ ፕራቭ የተመራ ቡድን የአካባቢውን ድንጋዮች ዕድሜ አንድ በአንድ ለክቶ አወጣ። ቡድኑ ከተጠቀመባቸው ሰዓቶች አንዱ ዚርኮን የተባለች ደቃቅ ማዕድን ናት፤ በውስጧ ያለው ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ ሁለቱን በማነጻጸር ዕድሜው ይሰላል።

ውጤቱ አስደናቂ ነው። መጀመሪያ ከ34 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ጥቁር ባሳልት አገሩን አለበሰው። ከዚያ ከ31.1 እስከ 30.8 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ በዓለም ታሪክ ከታላላቆቹ የሚቆጠሩ ፍንዳታዎች ተከተሉ። ከምድር ሆድ የወጣው አመድና የጋለ ፍርስራሽ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሺህ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የቀለጠው አለት ሲወጣ ከሥር ባዶ የቀረው መሬት ተደርምሶ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ ተፈጠረ፤ ሳይንቲስቶች ካልዴራ ይሉታል። ኪሎ ሜትር የሚያክሉ የተሰባበሩ የመሬት ብሎኮች የድርመሳው ምስክሮች ናቸው። ጎድጓዳውን በኋላ ቢያንስ 180 ሜትር ውፍረት ያለው ደለል ሞላው፤ ዛሬ ሐይቁ የተኛው በዚያ ላይ ነው።

ከሰማይ ምት የተወለደ ሐይቅ ማየት የፈለገ ጋና መሄድ ይችላል። ቦሱምትዊ ሐይቅ ያለበት 10.5 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ከ1.07 ሚሊዮን ዓመት በፊት በአንድ ምት ተከፍቷል። ከምቱ ቀልጦ የተፈናጠረው መስታወት መሰል ድንጋይ እስከ አይቮሪ ኮስት ድረስ ተበትኖ ተገኝቷል።

በአፍሪካ የተረጋገጡት እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ወደ ሃያ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ እስካሁን የተረጋገጠ የለም። የቢሾፍቱ ሐይቆችም ሆኑ በቦረና የሚገኘው ኤል ሶድ የጋለ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ያፈነዳቸው ናቸው። ይህ ማለት ግን ሰማዩ ኢትዮጵያን ምሯታል ማለት አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈሰሰው ባሳልት የቀድሞውን መሬት ቀብሮታል፤ ክረምት በክረምት የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የተከፈተውን ይሸረሽራል፣ ይሞላል።

ባሳልት ሌላም ችግር አለው፤ ኳርትዝ የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ ረገድ መንገድ ያሳየችው ሕንድ ናት። እንደ ሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ በባሳልት በተሸፈነው የደካን አምባ ላይ 1.8 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የሎናር ሐይቅ አለ። ለረጅም ጊዜ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው ሲባል ቆይቶ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ፌልድስፓር የተባለው የባሳልት ማዕድን በግፊት ብቻ ወደ መስታወትነት መለወጡን አሳይተው የሰማይ አለት ሥራ መሆኑን አረጋገጡ። በደቡብ ጎንደርም ሆነ በሌላው የባሳልት አገር አጠራጣሪ ጉድጓድ ቢገኝ መጀመሪያ የሚፈለገው ይኸው ምልክት ነው።

ፍለጋው ደግሞ ለባለ ትልቅ ላቦራቶሪ ብቻ የተተወ አይደለም። በግብፅ በረሃ የሚገኘውን 45 ሜትር ስፋት ያለውን የካሚል ጉድጓድ በ2008 እ.ኤ.አ. ያገኘው አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ጉግል ኧርዝ ላይ ምስል ሲመለከት ነው። በኢትዮጵያም ከሰማይ ድንጋይ መውደቁን የሚያስረዳ ማስረጃ አለ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ሐረርጌ ጉርሱም ላይ የወደቀው ሜትዮራይት ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል።

የፎገራ ወይም የሊቦ ከምከም ገበሬ በእርሻው ላይ ከሌላው ድንጋይ የተለየ፣ ለመጠኑ ከመጠን በላይ የሚከብድ፣ ማግኔት የሚስብ፣ ላዩ ቀጭን ጥቁር ቅርፊት ያለው ድንጋይ ቢያጋጥመው ሰባብሮ ባይጥለው መልካም ነው። የተገኘበትን ቦታ በትክክል መዝግቦ፣ ፎቶ አንሥቶ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ላሉ የሥነ ምድር መምህራን ቢያሳየው፣ ተራ ባሳልት ይሁን ከሰማይ የመጣ በመጀመሪያ ምርመራ ሊለዩለት ይችላሉ።