«በዶላር ከፍዬ ደረቅ ሽንት ቤት?»

ሰሞኑን ለሠርጋቸው ቀን የቆረጡ ሁለት እጮኛሞች «አንተው ፍረደን» ብለው ይዘውኝ ቁጭ አሉ። ጠቡ የሚዜ ወይም የቬሎ እንዳይመስላችሁ፤ የደሴት ነው! እሷ ጫጉላቸውን ዛንዚባር አጠገብ ባለችው ቹምቤ ማሳለፍ አምሯታል። እሱ ደግሞ «እኔ ያደግሁት በጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። አሁን ለቤት ኪራይ ያጠራቀምኩትን በዶላር መንዝሬ ልመለስበት እንዴ?» ባይ ነው።

ሳቄ መጣ። ፍርዱ ግን ቀላል አይደለም።

ቹምቤ ትንሽዬ የኮራል ደሴት ናት። ወንዝ የለ፣ ምንጭ የለ። ድንጋዩ እንደ ወንፊት ነው፤ ከላይ የደፋችሁት ቆሻሻ ውሃ ሰርጎ ባሕር ይገባል። ባሕር ውስጥ አልጌ ይፋፋበትና ኮራሉን ያፍነዋል። ኮራሉ ሲሞት ዓሣውም መጠለያ ያጣል። እንግዲህ ሽንት ቤቱ ውሃ የማይለቀቅበት ለዚህ ነው። የሚወጣው ነገር ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተብላልቶ ማዳበሪያ ይሆናል እንጂ እንደኛ ሰፈር ጉድጓድ ወደ መሬት አይሰርግም። የእንግዳ ጎጆዎቹ 7 ብቻ ናቸው። ጣሪያቸው የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል፤ መብራቱም የሻወሩ ሙቅ ውሃም ከፀሐይ ነው። ማታ መንገዱ ላይ መብራት የለም፣ ባትሪ ይዞ መሄድ ነው። ኮኮናት የሚሰብረው ግዙፍ ሸርጣን የሚወጣው ማታ ነዋ!

የዛንዚባር መንግሥት ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1994 የተጠበቀ ክልል ብሎ አውጆታል። ጥበቃው ላይ ድሮ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ ያካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ገብተዋል። የእንግዳው ገንዘብ ለነሱ ደመወዝና ለዛንዚባር ተማሪዎች ጉብኝት ይውላል። ልቤን ወደ እሷ ያዘነበለው ይኼ ነው።

የእሱንም ጥርጣሬ ግን አልንቀውም። ስንቱ ሆቴል ነው «ፎጣዎን ሁለት ቀን ይጠቀሙ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ለተፈጥሮ ተቆርቋሪ ነኝ የሚለው! ስለዚህ የትም ብትሄዱ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ውሃው ከየት ይመጣል? ፍሳሹ የት ይገባል? ያገሩ ሰው ምን ያገኛል? መልሱ የሚያምር ፎቶ ብቻ ከሆነ ኪሳችሁን ዝጉ።

ለነሱ ያልኳቸው ይኼን ነው፦ የቤት ኪራዩን አትንኩ። ዛንዚባር ከተማ ረከስ ያለ ማረፊያ ያዙና፣ ቦታ ከተገኘ ቹምቤን ለአንድ ቀን በጀልባ አይታችሁ ተመለሱ፤ የቀን ጎብኚም ይቀበላሉ። እሷ ትንሽ አኮረፈች። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሸርጣኑ ቀንም ይወጣል እንዴ?» አለኝ።