የሚያስቁ መጻሕፍት፣ የማያስቅ ክርክር

ለአፍላ ወጣቶች የሚጻፉ አስቂኝ ልብ ወለዶች አሜሪካ ውስጥ ወላጅን ከመምህር፣ የትምህርት ቦርድን ከተማሪ ሲያከራክሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ስለ ሞት፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ሰውነት ለውጥ እያሳቀ የሚያወራ መጽሐፍ በትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ወይስ ይነሣ? ይህን የሚወስነውስ ማን ነው? ክርክሩ ዛሬም ስላልተቋጨ አመጣጡን ማየት ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁዲ ብሉም «አምላክ ሆይ፣ አለህ ወይ? እኔ ነኝ፣ ማርጋሬት» የተባለውን መጽሐፏን ያሳተመችው በ1970 ነው። ማርጋሬት ዐሥራ ሁለተኛ ዓመቷን ልትይዝ የተቃረበች ልጅ ናት። አባቷ አይሁዳዊ፣ እናቷ ከክርስቲያን ቤተሰብ የተወለደች በመሆኗ ሃይማኖቷን ገና አልለየችም። ጡቷ ቶሎ እንዲያጎጠጉጥ ከጓደኞቿ ጋር ስፖርት ትሠራለች፤ የወር አበባዋ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ እንዳይዘገይ አምላኳን ትለማመናለች። ደራሲዋ መጽሐፉን ለገዛ ልጆቿ ትምህርት ቤት ብታበረክት ርዕሰ መምህሩ የወር አበባን ስለሚያነሣ በቤተ መጻሕፍቱ እንዲቀመጥ አልፈቀደም።

በእንግሊዝ ደግሞ ሱ ታውንዘንድ በ1982 የአድሪያን ሞልን ምስጢራዊ የዕለት ማስታወሻ አሳተመች። አድሪያን ብጉሩ የሚያስጨንቀው፣ ራሱን እንደ ታላቅ ምሁር የሚቆጥር የ13 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ከጎረቤት ሰው ጋር ስትቀራረብ በዓይኑ እያየ አይገባውም። አንባቢው እሱ ያላስተዋለውን ቀድሞ ስለሚረዳ ይስቃል፤ ጥቂት ገጾች እንዳለፈ ግን የሚስቀው በሚፈርስ ትዳርና ሥራ ባጣ አባት ቤት ውስጥ መሆኑን ያውቃል። የእነዚህ መጻሕፍት ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ጎረምሳ በምክር መልክ ቢነግሩት ጆሮውን የሚደፍንበትን ጉዳይ፣ እየሳቀ ራሱ ደርሶበት ያስብበታል።

ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረው ሸርማን አሌክሲ በ2007 ያሳተመውና በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በወጣቶች ዘርፍ ያገኘው «የትርፍ ጊዜ ህንዳዊ ፍጹም እውነተኛ ማስታወሻ» ነው። ተራኪው አርኖልድ በዋሽንግተን ግዛት ለስፖካን ነባር ሕዝቦች (በርዕሱ «ህንዳዊ» ለተባሉት) በተከለለ መሬት ላይ የሚኖር የድሃ ልጅ ነው። የተሻለ ትምህርት ፍለጋ ነጮች ብቻ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ይዛወራል። በአንድ ዓመት ውስጥ አያቱን፣ የአባቱን ወዳጅና እህቱን መጠጥ ባለበት አደጋና ጠብ ያጣል። ጥርስ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ልጁ ልቡ እየደማ ካርቱን ይሥላል፣ ይቀልዳል። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ2010 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት ሁሉ ይህን በአንደኝነት አስቀምጦታል። በ2018 ደራሲው ራሱ ከሴቶች የጾታዊ ትንኮሳ ክስ ሲቀርብበት ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ።

የአቤቱታዎቹ መነሻ በአብዛኛው ስድብ፣ ወሲብና መጠጥ ነው። የወላጆች ስጋት መናቅ የለበትም፤ ልጁ ምን እንደሚያነብ የማይገደው ወላጅ ምስጋና አይገባውም። ችግሩ ከአነባበቡ ላይ ነው። ለትምህርት ቦርድ ስብሰባ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ የተቀነጨበ አንድ አንቀጽ ነው። ቀልድ ደግሞ ትርጉሙን የሚያገኘው ከፊቱና ከኋላው ካለው ታሪክ ነውና ሲቆረጥ ከሌላው ጽሑፍ ይልቅ ይጎዳል። ልጁ ፍርሃቱን ለመሸፈን የተናገረው ብልግና ተነጥሎ ሲነበብ የደራሲው ምክር ይመስላል።

ሕጉም ጥያቄውን አልዘጋውም። በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፒኮ በሚባለው የክስ ጉዳይ፣ የትምህርት ቦርድ ሐሳቡን ስላልወደደ ብቻ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ማንሣት እንደማይችል ቢያመለክትም፣ ዳኞቹ በአንድ የጋራ ትንታኔ ላይ በአብላጫ ድምፅ አልተስማሙም። በ2024 ዩታ ከመላው ግዛቱ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲወጡ ባዘዘቻቸው 13 መጻሕፍት ውስጥ የብሉም ሌላ ልብ ወለድ ይገኝበታል።

ጉዳዩ ከእኛም ሰዎች ደጅ ደርሷል። በ2023 በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለትናንሽ ልጆች በሚነበቡ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በሚያነሡ የሥዕል መጻሕፍት ሳቢያ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመናን ከሙስሊም ወላጆች ጋር ሰልፍ ወጥተው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2025፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ልጆቻቸውን ከእነዚያ ንባቦች ለማስወጣት የጠየቁትን ወላጆች ደገፈ። እነዚያ መጻሕፍት ከላይ ካነሣናቸው የተለዩ ናቸው፤ ነገር ግን የወላጆቹ ጥያቄ አንድ ቁም ነገር ያስይዛል። የጠየቁት የየራሳቸውን ልጅ ለማስወጣት ነው። መጽሐፉን ከሁሉም ልጅ መደርደሪያ ማንሣት ሌላ ነገር ነው።

በእኔ እምነት መፍትሔው ከዚህ ልዩነት ይጀምራል። ወላጅ በልጁ ንባብ ላይ ሙሉ ድምፅ ይኑረው። በመደርደሪያው ላይ የሚወስኑት ግን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበቡ ሰዎች ይሁኑ። ሲወስኑም አባቱ የሚሰክርበትን፣ ጓደኛው የሞተበትን፣ ይህንንም ለማንም መናገር የሚያፍረውን ልጅ አይርሱ። ለእሱ የሚያስቀው መጽሐፍ የራሱን ችግር ከሌላ ሰው አፍ የሚሰማበት የመጀመሪያው ቦታ ሊሆን ይችላል። የሚሰጋ ወላጅም ከመከልከሉ በፊት መጽሐፉን ከልጁ ጋር ያንብበው፤ ልጁ በየትኛው ገጽ እንደሚስቅና በየትኛው ዝም እንደሚል ሲያይ፣ ለመጠየቅ የተቸገረበትን ነገር ለመጠየቅ መንገድ ያገኛል።