በኮምፒዩተራችን ውስጥ ማን ምን እየሠራ ነው?

ኮምፒዩተር በድንገት ማዝገም ሲጀምር አብዛኞቻችን ወይ «ቫይረስ ገብቶበታል» ብለን እንፈርዳለን፣ ወይ አጥፍተን እንደገና እናስነሣዋለን። ሁለቱም ከምርመራ በፊት የሚሰጡ ውሳኔዎች ናቸው። በሥራ ላይ ያለ ኮምፒዩተር ግን ለመመርመር አያስቸግርም፤ በዚያች ቅጽበት የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚሠሩ፣ እያንዳንዳቸው ምን ያህል የስሌት ጊዜና ማኅደረ ትውስታ እንደሚወስዱ፣ የትኛውን ፋይል ከፍተው እንደያዙ የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱን፣ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራውን ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርን እንመለከታለን።

አስቀድሞ «ፕሮሰስ» የሚለው ቃል ይብራራ። ፕሮግራም በዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው። ከነምልክቱ በብራና ላይ የሰፈረ ዜማ ሰው አንሥቶ እስኪያዜመው ድረስ ድምፅ እንደሌለው ሁሉ፣ ፕሮግራምም ወደ ማኅደረ ትውስታ ተጠርቶ መሥራት እስኪጀምር ድረስ ፋይል ብቻ ነው። ሥራ ሲጀምር ፕሮሰስ ይባላል። አንዱ ዜማ በአንድ ሌሊት በብዙ አድባራት ሊዜም እንደሚችል፣ ከአንድ ፕሮግራምም ብዙ ፕሮሰሶች ሊነሡ ይችላሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ መለያ ቁጥር፣ የራሱ የማኅደረ ትውስታ ክልልና የራሱ የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር አለው።

ዛሬ በእጃችን ያለ ተራ ላፕቶፕ ምንም መስኮት ሳይከፈትበት እንኳ ከመቶ በላይ ፕሮሰሶችን ያስተናግዳል። ይህ የሚቻለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮሰሰሩን በጣም አጫጭር በሆኑ ተራዎች ስለሚያድል ነው። የዊንዶውስ ሰዓት በመደበኛ አሠራሩ በሰከንድ 64 ጊዜ፣ ማለትም በየ15.6 ሚሊሰከንዱ ምት ይሰጣል፤ ተራ የሚለካውም በእነዚህ ምቶች ነው። ለእኛ ይህ የማይታወቅ ቅጽበት ነው። በ2 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ ፕሮሰሰር ግን 31 ሚሊዮን ያህል ዑደት ማለት ነው።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ስንጫን የሚመጣው ታስክ ማናጀር እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ጋር የቀረበ ነው። ለዕለት ጉዳይ ይበቃል። ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ጠለቅ ብሎ ለሚመረምር ነው፤ ማርክ ሩሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል በመሠረቱት ሲስኢንተርናልስ ሲሠራጭ ቆይቶ፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ድርጅቱን ገዝቶታል። በነፃ ይገኛል፤ መጫን አያስፈልገውም፤ በፍላሽ ይዞ ዞሮ ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ መክፈት ይቻላል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት የኮምፒዩተር ክፍል ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ሲከፈት የመጀመሪያው ልዩነት ጎልቶ ይታያል፤ ፕሮሰሶቹ የሚደረደሩት እንደ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ነው። ማን ማንን እንደወለደ፣ ማለትም የትኛው ፕሮሰስ የትኛውን እንዳስነሣ ይነበባል። አዲስ የተነሣው ለአፍታ አረንጓዴ፣ የተቋረጠው ደግሞ ቀይ ሆኖ ይጠፋል። አንዳንዱ ወላጁ ሥራውን ጨርሶ ስለሄደ ብቻውን በግራው ጠርዝ ይቆማል፤ ይህ በራሱ የሚያስጠረጥር ነገር አይደለም።

የፕሮሰሰር አጠቃቀምን የሚያሳየው ዓምድ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከላይ «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» የሚል ስም በ97 በመቶ ተቀምጦ ሲያዩ «ኮምፒዩተሩን የሚያደክመው ይህ ነው» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ያ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ሆኖ ያረፈበትን ጊዜ ይነግረናል። ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የረቀቀ ነው። መቶ በመቶ የሚባለው የሁሉም ፕሮሰሰሮች ድምር ነው። ስለዚህ አራት ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒዩተር ላይ በአንድ ክር ብቻ የሚሠራ የስሌት ፕሮግራም ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ቢገባ የምናየው 25 በመቶ ነው፤ ስምንት ከሆኑ 12.5 በመቶ። አንድ ፕሮሰስ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ንቅንቅ ሳይል ከቆመ ኮዱን እንደገና ማየት ይገባል።

ፊዚክስ ለሚያጠና ሰው ይህ ዓምድ የልኬት ትምህርት ነው። የሚታየው ቁጥር የዚያች ቅጽበት ዋጋ ሳይሆን በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ጊዜ፣ በተለመደው አኳኋን የአንድ ሰከንድ፣ አማካይ ነው። ከዚህም በላይ በቀድሞው የዊንዶውስ አሠራር በሰዓቱ ምት ጊዜ ሲሠራ የተገኘው ክር የምቱ ጊዜ በሙሉ ይቆጠርበት ነበር። በሁለት ምቶች መካከል ተነሥቶ ሥራውን ጨርሶ የሚተኛ ፕሮሰስ እንግዲህ ሲደክም ውሎ ዜሮ ሊመዘገብለት ይችላል። ዝግተኛ ናሙና አወሳሰድ ፈጣን ክስተትን እንደሚስተው ማለት ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የእያንዳንዱ ክር የዑደት ብዛት ስለሚመዘገብ፣ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ከ0.01 በመቶ በታች የሚሠራውን እንኳ ጨርሶ ከማይሠራው ለይቶ ያሳያል።

ስለ ማኅደረ ትውስታ አንድ ነገር ብቻ እንበል። «ዎርኪንግ ሴት» የተባለው ዓምድ ፕሮሰሶች በጋራ የሚጠቀሙበትን ክፍል በእያንዳንዳቸው ላይ ስለሚቆጥር፣ ቢደመር ከኮምፒዩተሩ ራም ሊበልጥ ይችላል። የአንድን ፕሮሰስ የግል ድርሻ ለማወቅ «ፕራይቬት ባይትስ» የተሻለ ነው፤ ይህ ቁጥር ያለ ማቋረጥ እያደገ ከሄደ ፕሮግራሙ የወሰደውን ማኅደረ ትውስታ አይመልስም ማለት ነው።

በተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ሁኔታ ግን ሌላ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበትን ፍላሽ ለማውጣት ሲሞከር ኮምፒዩተሩ «በሥራ ላይ ነው» ብሎ እንቢ ይላል። ትዕግሥት ያጣ እጅ ይነቅለዋል፤ በዚያው ሰዓት የሚጻፍ ነገር ካለ የወራት ድካም ሊበላሽ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከፍቶ የተያዙ ፋይሎችን በሚፈልገው ትእዛዝ የፋይሉን ስም ወይም የፍላሹን ፊደል ከሁለት ነጥብ ጋር ጽፎ መፈለግ ነው። የያዘው ፕሮሰስ በስሙ ይወጣል፤ ፕሮግራሙን በወጉ ዘግቶ ፍላሹን ማውጣት ይቻላል። መሣሪያው የተያዘውን ፋይል በግድ የማስለቀቅ ምርጫም ይሰጣል፤ እኛ ግን አንመክረውም። ፕሮግራሙ ፋይሉ እንደተወሰደበት አያውቅም፤ ያ የመያዣ ቁጥር ለሌላ ፋይል ከተሰጠ በማይገባው ቦታ ሊጽፍ ይችላል።

ወደ ቫይረስ ስንመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስም ሳይሆን አድራሻ ነው። ኤስቪሲሆስት የተባለው እውነተኛ የዊንዶውስ ፕሮሰስ ብዙ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ፋይሉ «ሲስተም 32» በተባለው ፎልደር ይገኛል፣ ወላጁም «ሰርቪስስ» ነው። ሁለት ፊደል አቀያይሮ «ኤስሲቪሆስት» የተባለ፣ ወይም ስሙ ትክክል ሆኖ ከፍላሽ ላይ የተነሣ ቢገኝ ሐሰተኛ ነው። የአምራቹን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥም ይቻላል። አንዳንድ ቫይረሶች ጥንድ ሆነው ይጠባበቃሉ፤ አንዱን ስንገድል ሌላው መልሶ ያስነሣዋል። ለዚህ ብልሃቱ ሁለቱንም በቅድሚያ «ሰስፔንድ» በሚለው ትእዛዝ ባሉበት ማስቆም፣ ቀጥሎ መግደል ነው። የማያውቁትን ሁሉ መግደል ግን አደገኛ ነው፤ ሲኤስአርኤስኤስ የተባለውን የሲስተም ፕሮሰስ ማቋረጥ ዊንዶውስን ራሱን ይጥለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሣው ኮንፊከር ከዚህ የባሰ ነበር። በእውነተኛው ኤስቪሲሆስት ውስጥ እንደ አንድ ክፍል ተጭኖ ይሠራ ስለነበር ስሙም አድራሻውም ንጹሕ ነው፤ የሚገኘው ፕሮሰሱ የጫናቸው ፋይሎች አንድ በአንድ ሲታዩ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሩሲኖቪች በሶኒ ቢኤምጂ የሙዚቃ ሲዲ የተጫነ፣ በአንድ የተወሰነ ምልክት የሚጀምር ስም ያላቸውን ፋይሎችና ፕሮሰሶች ሁሉ ከእይታ የሚሰውር ሶፍትዌር አጋልጧል። መርማሪው መሣሪያ የፕሮሰሶቹን ዝርዝር የሚጠይቀው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ነውና፣ መልስ ሰጪው ራሱ ከተጠለፈ ዝርዝሩ ጎዶሎ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ኮምፒዩተሩን ከሌላ ንጹሕ ዲስክ አስነሥቶ፣ የተጠረጠረው ዊንዶውስ ሳይሠራ ሃርድ ዲስኩን መመርመር ያስፈልጋል።